አራት እጅ፣ አንድ ኪቦርድ፦ ጃዝ ፒያኖን ለሁለት መለማመድ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ፒያሳ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። ማታ ጃዝ ያለበት ቤት ሄጄ ልስማ ብል መመለሻ ታክሲ አላገኝም። ባንድ የለኝም፣ ቤዚስት የለኝም፣ ድራመር የለኝም። ያለኝ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድና ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ የሚኖር ጓደኛ ነው።

ሁለት ዓመት ያህል ብቻዬን ከጃዝ ጋር ስታገል ቆየሁ። ኮርዶቹን አውቃለሁ፣ ስኬሎቹን አውቃለሁ፣ ስጫወት ግን ጃዝ አይመስልም። ምክንያቱ የገባኝ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ኪቦርድ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጥን ቀን ነው። ለካ ብቻዬን ስጫወት ስሳሳት እቆማለሁ፣ አስተካክዬ እቀጥላለሁ፣ ደግሜ እቆማለሁ። የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ምቱ እኔን ይጠብቀኛል። አጠገቤ ሰው ሲኖር ግን እኔ ብቆምም እሱ አይቆምም።

ይህ መመሪያ ለጀማሪ አይደለም። ሜጀርና ማይነር ኮርዶችን ቁልፉን ሳያይ ለሚይዝ፣ ሰቨንዝ ኮርድ ሲባል ለሚገባው፣ አንድ ሁለት ዜማ በሁለት እጁ ለሚጫወት ነው። ከመዘምራን ጋር ኪቦርድ የሚመቱ ልጆች ደግሞ ከሚያስቡት በላይ ለዚህ ዝግጁ ናቸው። ጆሯቸው የተሳለ ነው፣ ሰው ማጀብም ያውቃሉ። አብሯችሁ የሚለማመድ ሰው የምትፈልጉ ከሆነ እዚያ ጀምሩ። ችሎታው ከእናንተ ጋር እኩል ባይሆንም ግድ የለም። ቀጠሮ የሚያከብር ይሁን እንጂ።

አቀማመጥ

አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቃችሁ አትቀመጡ፤ ሁለት ወንበር አምጡ። በግራ በኩል የተቀመጠውን «ታችኛው»፣ በቀኝ ያለውን «ላይኛው» እንበለው።

ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ በሲ ጀምሮ በሲ ያልቃል፤ አምስት ኦክታቭ ነው። ከግራ ስትቆጥሩ ሦስተኛዋ ሲ መካከለኛዋ ሲ ናት። የላይኛው ሰው ግራ እጅ እሷ ዙሪያ ያርፋል። የታችኛው ሰው ቤዝ (ወፍራሙ የታች ድምፅ) ከመጀመሪያዋ ሲ ይነሳና ሁለተኛዋን ሲ ትንሽ አልፎ ይመለሳል። በመሃል ጥቂት ቁልፎች ባዶ ይቀራሉ። ይቅሩ፤ የክርናችሁ ቦታ ናቸው።

አንዳንድ ኪቦርዶች ቁልፉን ለሁለት ከፍለው ለሁለቱም ሰው አንድ ዓይነት የድምፅ ከፍታ ይሰጣሉ። ለአስተማሪና ለተማሪ ጥሩ ነው። ለእኛ ግን አይሆንም፣ ቤዙ ወፍራምነቱን ያጣል።

አሁን ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር። «ሪትም» ወይም «ስታይል» የሚለውን አጥፉ። ማሽኑ ጥሩ ድራመር ሊመስላችሁ ይችላል፣ እናንተን ግን አይሰማም። ፔዳሉንም ለጊዜው ንቀሉት። አራት እጅና ፔዳል አንድ ላይ ድምፁን ያጨቀዩታል፤ ርካሽ ኪቦርድ ላይ ደግሞ ማሽኑ በአንዴ ማሰማት የሚችለው የድምፅ ብዛት ሞልቶ የያዛችሁት ኖታ በመሃል ይቆረጣል። ሦስተኛው ትራንስፖዝ ነው፣ የኪቦርዱን ድምፅ በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው፤ ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። አንድ ጊዜ ልደት ላይ እኔና ጓደኛዬ በሁለት ኪቦርድ ልንጫወት ተጠራን። የሱ ኪቦርድ እሁድ ለመዘምራን ግማሽ ድምፅ ከፍ እንደተደረገ ቀርቷል። የመጀመሪያውን ኮርድ ስንመታ የኬኩን ሻማ ሊያጠፋ ያጎነበሰው ልጅ ቀና ብሎ አየን።

ስለ ጎረቤት ደግሞ አንድ ቃል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ቤዝ ያሳልፋል። ከእኛ በታች ያሉት እትዬ መጥተው «ልጆቼ፣ ያችን ቀጭኗን እወዳታለሁ፣ ያ ወፍራሙ ግን ብፌዬን ያንቀጠቅጠዋል» አሉን። የኪቦርዱ ማስቀመጫ እግሮች ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ አደረግንበት። ቀነሰ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ግን ኢርፎን ነው። አንዱን ቀዳዳ ለሁለት የሚከፍል ማገናኛ ይሸጣል፣ ዋጋውም ከባድ አይደለም።

ምቱን መያዝ

ገና ቁልፍ አትንኩ። ስልካችሁ ላይ ሜትሮኖም (ምት እየቆጠረ «ቲክ» የሚል መተግበሪያ) ጫኑ፣ በደቂቃ 50 ላይ አድርጉት። አሁን እያንዳንዱን «ቲክ» እንደ አንድ አትቁጠሩት። «ሁለት» እና «አራት» በሉት። «አንድ» እና «ሦስት» ዝምታ ላይ ይወድቃሉ። እንዲህ ሲሆን የሙዚቃው ትክክለኛ ፍጥነት 100 ነው።

መጀመሪያ ያወላግዳል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሳታውቁት ቲኳን «አንድ» ብላችሁ ትይዟታላችሁ። ሁለታችሁም ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፣ በሁለትና በአራት አጨብጭቡ። አንዱ ሲንሸራተት ሌላው ይስማው። በዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ብትጨርሱ አይቆጫችሁ።

ቀጥሎ ስዊንግ። አንዱ ምት ለሁለት እኩል አይከፈልም። ለሦስት ተከፍሎ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተያይዘው ይረዝማሉ፣ ሦስተኛው ያጥራል፤ «ዳአ-ዲ፣ ዳአ-ዲ»። እዚህ ላይ እኛ አገር ያደገ ሰው ዕድለኛ ነው። ጭክጭካም ውስጡ በሦስት የተከፈለ ነው። ሰርግ ቤት ከበሮ ሲመታ የሰማ ትከሻ ይህን ክፍፍል ያውቀዋል። ልዩነቱ ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ትከሻችሁ ወደ እስክስታ ከሄደባችሁ ወደ ሁለትና አራት መልሱት።

ፍጥነቱ ሲጨምር ስዊንግ እየተስተካከለ ወደ እኩል ይጠጋል፤ ስለዚህ አታግንኑት። ሲገንን የአህያ ሶምሶማ ይሆናል።

አሥራ ሁለቱ ባር

የምንጀምረው በብሉዝ ነው፣ በሲ። ቅርጹ 12 ባር ነው፤ እያንዳንዱ ባር አራት ምት አለው። አራት ባር ሲ ሰቨን። ሁለት ባር ኤፍ ሰቨን። ሁለት ባር ሲ ሰቨን። ከዚያ አንድ አንድ ባር፦ ጂ ሰቨን፣ ኤፍ ሰቨን፣ ሲ ሰቨን፣ ጂ ሰቨን። ከዚያ ወደ አንደኛው ባር ተመለሱ። ይህን አንድ «ዙር» እንለዋለን።

ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከሳምንት በኋላ ቅደዱት።

አራት እጅ አለን። ሥራው ግን ሦስት ነው፦ ቤዝ፣ ኮርድ፣ ዜማ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አራተኛውን እጅ ሥራ ልፍጠርለት ይላል። የታችኛው ሰው ቀኝ እጅ ጭኑ ላይ ይቀመጥ። ሥራውም ሁለትና አራትን በቀስታ ጭን ላይ መምታት ነው። ሁለታችሁም ከዚያ እጅ ጋር ትጓዛላችሁ።

ቤዙ

ሁለታችሁም መጀመሪያ በታችኛው ወንበር ተቀመጡ። ማለቴ ተራ በተራ፣ ቢያንስ ሁለት ሁለት ሳምንት። ሁሉም ሰው ሶሎ መጫወት ይፈልጋል፣ እኔም እፈልግ ነበር። ጃዝ የገባኝ ግን ቤዝ ስመታ ነው።

የሚራመድ ቤዝ ማለት በእያንዳንዱ ምት አንድ ኖታ ማለት ነው። ኮርዱ በሚቀየርበት ባር «አንድ» ላይ የኮርዱን ስም ምቱ፤ ሲ ሰቨን ከሆነ ሲ። ኮርዱ ከመቀየሩ በፊት ባለው «አራት» ላይ ደግሞ ከሚመጣው ኮርድ ስም ግማሽ ድምፅ (ጥቁሩም ተቆጥሮ አንድ ቁልፍ) ርቃ ያለችውን፣ ከላይ ወይም ከታች። በመሃል የኮርዱ ኖታዎችና እንደ ኤ ያለች መሸጋገሪያ ይበቃሉ።

ለምሳሌ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባሮች፦ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፤ ቢ ፍላት፣ ኤ፣ ጂ፣ ኢ። ሦስተኛው እንደ አንደኛው ነው። አራተኛው ላይ ግን ወደ ኤፍ ልንሄድ ነው፤ ስለዚህ ቢ ፍላት፣ ኤ፣ ጂ፣ ጂ ፍላት። ጂ ፍላቷን ምቱና ቁሙ። ጆሯችሁ ኤፍን ይጠይቃል፣ አይደል? አዳማጭን ወደፊት የምትጎትተው እሷ ናት። ከጂ ወደ ሲ ስትመለሱም እንዲሁ፦ ጂ፣ ቢ፣ ዲ፣ ዲ ፍላት፣ ከዚያ ሲ።

ጓደኛዬ ይህን ሲለማመድ እኔ ምንም አልጫወትም ነበር። ጎኑ ተቀምጬ አጨበጭባለሁ። አንድ ክረምት ከሰዓት ቃሊቲ ያሉት ወላጆቹ ቤት ስንለማመድ ዝናብ ወረደ። ቆርቆሮው ሲጮህ ከኪቦርዱ የሚሰማው ቤዙ ብቻ ሆነ። ዜማውን ትተን አንድ ሰዓት ያህል ቤዝ ብቻ ተቀባበልን። ከዚያ ቀን በኋላ ጓደኛዬ ባሩ ጠፍቶበት አያውቅም። ማለቴ፣ በጣም ጥቂት ጊዜ ነው የጠፋበት።

ቤዙን እኩል ምቱት፤ አታጉሉት፣ አትቁረጡት። የአንዱ ኖታ ጫፍ የሚቀጥለውን ይንካ።

ሁለት ጣት

አሁን የላይኛው ሰው ግራ እጅ። ሲ ሰቨን ሲባል ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ልትይዙ ነው። ተዉት። ሲን ቤዙ ይዞታል። ጂ ደግሞ ብዙ የምትነግራችሁ ነገር የለም። ኮርዱን ኮርድ የሚያደርጉት ሁለቱ ናቸው፦ ሦስተኛዋና ሰባተኛዋ፣ ኢ እና ቢ ፍላት።

ቢ ፍላትን ከመካከለኛዋ ሲ በታች ያዙ፣ ኢን ከሷ በላይ። ይህ ሲ ሰቨን ነው። አሁን ሁለቱንም ጣት ግማሽ ድምፅ ወደ ታች አንሸራቱ። ኤ እና ኢ ፍላት ሆነ፤ ይህ ኤፍ ሰቨን ነው። ወደ ሲ ሰቨን ተመለሱ። አሁን ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ። ቢ እና ኤፍ፤ ይህ ጂ ሰቨን ነው።

አለቀ። ሙሉው ብሉዝ ሁለት ጣትን አንድ ቁልፍ ወደ ላይ፣ አንድ ቁልፍ ወደ ታች ማንሸራተት ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን ባለፉት ሁለት ዓመታት ሙሉ እጄን ከፍቼ ስሮጥ የነበረው አሳፈረኝ። ብቻችሁን ስትጫወቱ በሁለት ጣት መቅረት ይከብዳል፣ ባዶ ይመስላል። ከታች ቤዝ ሲኖር ግን አይጎድልም።

ኮርዱን በእያንዳንዱ ምት አትምቱት። በባሩ «አንድ» ላይ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ከ«ሁለት» በኋላ ባለችው አጭር «ዲ» ላይ አንድ ጊዜ። የቀረውን ዝም በሉ። ይህ ምት ቻርልስተን ይባላል። ሲለመዳችሁ አንዳንድ ባር ዝለሉ። ቤዙን የሚመታው ሰው ፊት ላይ ፈገግታ ካያችሁ ትክክል ናችሁ።

ተቀበል

አዝማሪ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ግጥም ይሰጣል፣ «ተቀበል!» ይላል፣ አዝማሪው ይቀበላል። ጃዝ ውስጥ ሁለት ተጫዋች አራት አራት ባር እየተቀያየሩ ሶሎ የሚጫወቱት ነገር ለእኔ ሁሌም ይኸው ነው።

በሦስት ኖታ ብቻ ጀምሩ፦ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ። የላይኛው ሰው በቀኝ እጁ ሁለት ባር አጭር ነገር ይናገር፤ ከዚያ ሁለት ባር ዝም ይበል። የታችኛው ቤዙን ሳያቋርጥ ያንኑ ነገር በአፉ ይመልስ፤ «ዱ-ዳ-ዲ» እያለ። መቀለጃ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአፍ የማይወጣ ሐረግ በጣትም ሲወጣ ትርጉም የለውም።

ሦስቱ ሲለመዱ ጂን እና ቢ ፍላትን ጨምሩ። ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት። ታወቀቻችሁ? ከቅኝቶቻችን አንዷ፣ ባቲ ማይነር ናት። የብሉዝ ተጫዋቾች ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሏት አምስት ኖታ ኪቦርድ ላይ ከባቲ ማይነር ጋር አንድ ናት። ትዝታ ሜጀርም ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ስለሆነች እዚሁ ብሉዝ ላይ ትሠራለች፤ ጣፋጩን ጎን ትሰጣለች። አንዱ በባቲ ይጠይቅ፣ ሌላው በትዝታ ይመልስ። አጨዋወቱ ግን እንደ ዘፈኑ አይደለም፤ ኖታው አንድ ሆኖ አነጋገሩ ይለያል። ጅማ ተወልዶ ቦስተን በርክሊ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን የገነባው የእኛን ቅኝቶች ከጃዝ ኮርዶች ጋር በማጋባት ነው። እናንተ በትንሹ ያንኑ እየሞከራችሁ ነው።

ከዚያ ወደ አራት አራት ባር እለፉ። የታችኛው ሰው ተራ ሲደርስ ላይኛው ሁለቱንም እጁን ከቁልፉ ያንሳ። ታችኛው በግራው ቤዙን ይቀጥላል፤ ያ ጭኑ ላይ የነበረው ቀኝ እጁ አሁን መካከለኛዋ ሲ አካባቢ ይናገራል። ከባድ ነው። መጀመሪያ በአንድ ባር ሁለት ኖታ ይበቃዋል።

አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። 12 ለ4 ሲካፈል 3 ነው። አንድ ዙር ውስጥ ሦስት ተራ አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር እኔ ከጀመርኩ በሁለተኛው ጓደኛዬ ይጀምራል። ሁለታችሁም የብሉዙን ሁሉንም ክፍል ትቀምሳላችሁ፣ ማንም ሳያከፋፍላችሁ።

ስትጠፉ

ትጠፋላችሁ። ሕጉ አንድ ነው፦ ማንም አይቆምም። «ይቅርታ» ማለትም አይቻልም፤ እኛ ቤት «ይቅርታ» ያለ ቡና ያፈላል።

የጠፋው ላይኛው ከሆነ እጁን አንስቶ ቤዙን ይስማ። ወደ ኤፍ ስንሄድ አምስተኛው ባር ነው፤ ጂ ስትመጣ ዘጠነኛው። በዚያ በር ይግባ። የጠፋው ታችኛው ከሆነ ላይኛው ሶሎውን ትቶ ሁለት ጣቱን ብቻ ጎላ አድርጎ ይምታ። ሁለታችሁም ከጠፋችሁ ታችኛው መጀመሪያዋን ሲ ደጋግሞ ይምታ፣ «ከአንድ» ይበል፣ አራት ይቁጠር።

ሳምንቱን እንዴት ትከፍሉታላችሁ

እኛ የምንገናኘው ሁለት ቀን ነው፣ አንድ አንድ ሰዓት። አሥር ደቂቃ ጭብጨባ። ሃያ ደቂቃ እኔ ታች፣ ሃያ ደቂቃ እሱ ታች። የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃ በስልክ ቀድተን እንለያያለን። ቅጂውን ወዲያው አትስሙት። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ስሙት። እኔ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሳሪስ ባለው መንገድ አራት ጊዜ ያህል እሰማዋለሁ። የምትፈልጉት ስህተት አይደለም። ከሁለታችሁ ማን እንደሚፈጥን ነው። ብዙ ጊዜ ሶሎ የሚጫወተው ነው፤ እኛ ቤት እኔ ነኝ።

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ብሉዙን ወደ ኤፍ ውሰዱት፤ የጃዝ ሰዎች ከሲ ይልቅ በኤፍና በቢ ፍላት መጫወት ይወዳሉ። ትራንስፖዟን አትንኳት፣ በጣታችሁ ሂዱ። ከዚያ ዲ ማይነር ሰቨን፣ ጂ ሰቨን፣ ሲ ሜጀር ሰቨን። የሁለት ጣቱ ነገር እዚህም ይሠራል፦ ሲ እና ኤፍ፤ ከዚያ ቢ እና ኤፍ፤ ከዚያ ቢ እና ኢ። በየኮርዱ አንድ ጣት ብቻ ግማሽ ድምፅ ትወርዳለች። አብዛኛው የድሮ ጃዝ ዜማ በዚህ ሦስት ኮርድ የተሞላ ስለሆነ በሁሉም ኪይ ልመዱት፣ በሳምንት አንድ ኪይ።

መስማትም ልምምድ ነው። የጃዝ ፒያኒስቶቹ ዱክ ኤሊንግተንና ቢሊ ስትሬይሆርን እ.ኤ.አ. በ1950 ፒያኖ ለሁለት ተጫውተው ቀድተዋል። ይኸው ኤሊንግተን ነው እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ የመጣው። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ኦስካር ፒተርሰንና ካውንት ቤዚ አብረው የቀዱትን ደግሞ ለብቻ ጊዜ ስጡት። ፒተርሰን እንደ ጎርፍ ነው። ቤዚ ሦስት ኖታ ይጥላል፣ ዝም ይላል፣ አንድ ይጨምራል። በመጀመሪያው ጊዜ ፒተርሰንን ብቻ ሰማሁ። አሁን የቤዚን ዝምታ ነው የምጠብቀው። ሄርቢ ሃንኮክና ቺክ ኮርያ እ.ኤ.አ. በ1978 በሁለት ፒያኖ ያቀረቧቸውን ኮንሰርቶች ለኋላ አቆዩዋቸው፤ እዚያ ውስጥ ባሩን መቁጠር ራሱ ፈተና ነው።

የመጨረሻው ነገር መብራት ነው። ኪቦርዳችሁ ባትሪ የሚቀበል ከሆነ ግዙና አስቀምጡ። የማይቀበል ከሆነ መብራት ሲሄድ አትነሱ። አንዱ ቤዙን በአፉ ይቀጥል፣ ሌላው በሁለትና በአራት ያጨብጭብ፤ ባሩን በልባችሁ ቁጠሩ። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛው ባር ላይ ጠፋብን። ጨለማው ውስጥ ቀጠልን፣ ስንት ዙር እንደሄድን አላውቅም። ሲመጣ ኪቦርዱን አብርተን ሁለታችንም በአንድ ጊዜ መታን። እሱ ዘጠነኛው ባር ላይ ነበር፣ እኔ አሥረኛው ላይ። ማን ልክ እንደነበረ እስካሁን አልተስማማንም።